ስንት ጀመሩ? ስንት ዳኑ? ስንትስ አልመጡም?

(መጋቢት ላይ የዓለም የቲቢ ቀንን ምክንያት በማድረግ ሐዋሳ ውስጥ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለወረዳ ኃላፊዎችና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ነው፤ ለዛው እንዳይጠፋ ብዙም አልተነካካም።)

እንደምን አደራችሁ?

አልሰማሁም። እንደምን አደራችሁ?

እሺ፣ አሁን ነቅታችኋል።

የተከበራችሁ የክልልና የወረዳ ኃላፊዎች፣ የጤና ጣቢያ ባልደረቦቼ፣ የላብራቶሪ ወንድሞችና እህቶች፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እዚያ መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ለምን ኋላ እንደምትቀመጡ አይገባኝም። ዛሬ የሚወራው ስለ እናንተ ሥራ ነው። ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ። ኑ ቅረቡ፤ እጠብቃለሁ።

አመሰግናለሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «የክልል የቲቢ መከላከልና መቆጣጠር ፕሮግራም ውጤታማነት ግምገማ» ይላል። ርዕሱ ብቻውን እንቅልፍ ያመጣል። እኔ እንዲህ ልያዘው፦ ፕሮግራማችን እየሠራ ነው? ወይስ የሚሠራ ይመስላል? የሚሠራ ፕሮግራም ሰው ያድናል። የሚሠራ የሚመስል ፕሮግራም ሪፖርት ያሳምራል። ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው። መዝገቡን ገልጦ፣ ከመዝገቡም ወጥቶ ያላየ ሰው አይለያቸውም።

ሦስት ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ሕክምና ከጀመሩት ስንቶቹ ዳኑ? ሁለተኛ፣ ስንቶቹ ታመው ጭራሽ ወደ እኛ አልመጡም? ሦስተኛ፣ ምርመራችን የሚታመን ነው ወይ? ሦስተኛውን ቶሎ ነው የማልፈው፤ የላብራቶሪ ሰዎች እንዳትቀየሙኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ እጠራለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር የምጠራት አንድ ዓመት ብቻ ናት፤ እሷ ስትመጣ እነግራችኋለሁ።

አንደኛው ጥያቄ። ከጀመሩት ስንቶቹ ዳኑ?

ይቺን ጥያቄ እኔ አላመጣኋትም። ታሪክ አላት። ቲቢ የድሃ አገር በሽታ ብቻ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ለትንሽ ደቂቃ ኒው ዮርክ ልውሰዳችሁ። በ1992 ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ 3,811 የቲቢ ታማሚዎች ተመዘገቡ። በአንድ ከተማ! ያውም በሀብታም አገር። ምን ሆኖ ነው? ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የቲቢ በጀት ተቆርጧል። ክሊኒኮች ተዘግተዋል። ኤችአይቪ ገብቷል። መጠለያ ያጣው ሰው በዝቷል። ሃርለም በሚባለው ሰፈር ሆስፒታል የተደረገ ጥናት አለ። ተኝተው ታክመው፣ ቀሪውን በተመላላሽ ጨርሱ ተብለው ከወጡት ታማሚዎች 89 ከመቶው ጠፍተው ቀሩ። 89 ከመቶ! እኛ ወረዳ ላይ 10 ከመቶ ሲጠፋ ነው ስብሰባ የምንጠራው።

ያኔ የከተማውን የቲቢ ክፍል የሚመራው ቶም ፍሪደን የሚባል ወጣት ሐኪም ነበር። አንድ ቀን ካሬል ስቲብሎ የሚባሉ አዛውንት ሊጎበኙት መጡ። ስቲብሎ ማን መሰሏችሁ? በናዚ ማጎሪያ ካምፕ ቲቢ ይዟቸው የተረፉ ሰው ናቸው። በኋላ ታንዛኒያ ውስጥ፣ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ዛሬ እኛ የምንሠራበትን የመዝገብና የሩብ ዓመት ሪፖርት ሥርዓት ዘረጉ። ያ ቲቢ ክፍላችሁ ጠረጴዛ ላይ ያለው ሰፊ መዝገብ፣ የእሳቸው እጅ አለበት። ፍሪደን ስለ ከተማው ያለውን መረጃ ሁሉ አስረዳቸው። ስንት ሰው ታመመ፣ የትኛው ሰፈር በዛ። አዛውንቱ አዳመጡ፣ አዳመጡና አንድ ነገር ጠየቁት። ከ3,811ዱ ስንቱን አዳናችሁ?

ፍሪደን መልስ አልነበረውም። ይህን ሌላ ሰው አላወራበትም፤ እሱ ራሱ ነው በየመድረኩ ሲያነሳው የኖረው።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ታማሚ በስሙ እየተጠራ መገምገም ጀመረ። የጤና ሠራተኞች መድኃኒት ይዘው ቤት ለቤት፣ በየመጠለያው፣ ሰው ጎዳና ላይ ካደረም ጎዳና ድረስ ሄዱ። በ1994 ቁጥሩ 2,995 ደረሰ። አዲስ ተአምረኛ መድኃኒት አልተገኘም። ጥያቄው ተጠየቀ፤ ለጥያቄውም ሰውና በጀት ተመደበለት።

እኛ አገር ደግሞ በዚያው በ1992 አርሲና ባሌ ላይ ዶትስ፣ ማለትም ታማሚው መድኃኒቱን በጤና ሠራተኛ ዓይን ሥር እየዋጠ እስከ መጨረሻው በመዝገብ የሚከተሉበት አሠራር፣ በሙከራ ተጀመረ። ይህን ሁልጊዜ እናገራለሁ። ኒው ዮርክ ታማሚዎቿን መቁጠር ስትማር፣ እኛም አርሲና ባሌ ላይ መቁጠር ጀምረናል። እንግዲህ «እኛ ገና ነን» የምትለዋን ምክንያት ዛሬ እዚህ እንተዋት።

አሁን ወደ ቁጥር ልግባ። አይዟችሁ፣ ቀላል ነው። አንድ ወረዳ እንውሰድ፤ ለምሳሌ ያህል ነው፣ የማንም ወረዳ አይደለም። ዓምና በአንድ ዓመት ውስጥ 120 ሰው ሕክምና ጀመረ። ስድስት ወር ነው፤ ሁለት ወር በአራት ዓይነት መድኃኒት፣ አራት ወር በሁለት። ዘንድሮ መዝገቡን ስንገልጥ 95ቱ ድነዋል ወይም ጨርሰዋል። 5 ሞተዋል። 4 አቋርጠዋል። 16ቱ ደግሞ «ተዛውሯል» ተብለው ተጽፈዋል። ወዴት እንደሄዱ አለ። ደረሱ ወይ? አይታወቅም።

የሕክምና ስኬታችን ስንት ነው? አንዱ ወንድሜ «91» ይላል። ሌላዋ እህቴ «79» ትላለች። ሁለቱም ስሌቱን ያውቁታል። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? እሱ 16ቱን ከመዝገቡ አወጣቸውና 95ን ለ104 አካፈለ። እሷ ለ120 አካፈለች። ትክክሉ የእሷ ነው። መመሪያውም ይህንኑ ነው የሚለው፤ መጨረሻው ያልታወቀ ሰው ከሥር ካለው ቁጥር አይወጣም።

ለምን አይወጣም? ዕድር እናውቃለን፣ አይደል? አንድ ዕድር የሞተበትን አባል ቶሎ ከመዝገብ እየሰረዘ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ዳኛው ተነስቶ «ዕድራችን ሰው አይሞትበትም» ቢል ምን ትሉታላችሁ? ሰው ይስቅበታል። እኛ ግን በ«ተዛውሯል» ስም በየሩብ ዓመቱ እንዲሁ እናደርጋለን፤ ማንም አይስቅብንም፣ እንዲያውም ዋንጫ እንሸለማለን።

ከነዚህ «ተዛውሯል» ከተባሉት አንዱን ልንገራችሁ። ዞን ላይ አስተባባሪ ሆኜ ስሠራ ነው። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ሁለት ወሩን ጥሩ አድርጎ ወሰደ፤ ሳሉ ቆመ፣ ትንሽ ወዝ መለሰ። ከዚያ አዲስ አበባ የቀን ሥራ አለ ተባለና ተነሳ። የዝውውር ወረቀት ተጻፈለት። መዝገቡ ላይ «ተ.ዛ» ተብሎ ተሞላ። ለጤና ጣቢያው ጉዳዩ እዚያ ላይ አለቀ። እኔ ለሪፖርት ቁጥር ሳመሳክር ወረቀቱ የተጻፈበትን ጤና ጣቢያ ደወልኩ። እንዲህ ያለ ልጅ አልመጣም አሉ። እናቱን በጎረቤት ስልክ አገኘኋት። «ልጄ ድኗል፣ ድንጋይ ይሸከማል፣ ብር ይልክልኛል» አለችኝ። ደስ ብሏታል። ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ አብሮት ታጥቦ ኖሯል። ልጁን ስናገኘው እንደገና ያስለው ነበር፤ አብረውት አንድ ክፍል የሚያድሩት ልጆች ብዙ ናቸው።

ይህ ልጅ ሪፖርት ላይ የት አለ? የትም። አልሞተም፣ አላቋረጠም፣ አልዳነም። «ተዛውሯል»። እንግዲህ የአንድን ክልል ፕሮግራም ስገመግም መጀመሪያ የምገልጠው ይህንን ዓምድ ነው። ስንት ዳነ የሚለውን ኋላ አየዋለሁ። «ተዛውሯል» እና «አልታወቀም» የሚለው ከበዛ፣ የዳነው ቁጥር ምንም ያህል ቢያምር አላምነውም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ይህን ስናገር የሚከፋው ሰው ይኖራል። አንድ ጤና ጣቢያ ለሱፐርቪዥን ገባን። ስሙን አልጠራም፤ እዚህ ሊኖሩ ይችላሉ። የታማሚዎቹን የክትትል ካርድ አየሁ። ወሩ ገና አጋማሹን አልፎ ትንሽ ሄዷል፤ 18ኛው ቀን ላይ ነን። ካርዱ ላይ ያለው ምልክት ግን እስከ 30 ድረስ ሞልቷል። በአንድ እስክሪብቶ። በአንድ ቁጭታ። መጀመሪያ ላይ ምልክቶቹ ቀጥ ብለዋል፤ ወደ መጨረሻው እየተንጋደዱ ሄደው እጁ እንደደከመው ያስታውቃል።

ጓደኞቼ ነርሱን ሊቆጡት ነበር። ቆይ አልኩ። «ይቺ ታማሚ የት ነው ቤቷ?» አልኩት። ከተራራው ማዶ ነው። በእግር ሁለት ሰዓት። ነፍሰ ጡር ናት። እሱ የሁለት ሳምንት መድኃኒት ሰጥቷታል፤ ወስዳ እየዋጠች ነው። ቅጹ ግን በየቀኑ ዓይኔ እያየ ዋጠች ብለህ ምልክት አድርግ ይለዋል። እውነቱን ቢጽፍ ሱፐርቫይዘር ይመጣበታል። ውሸቱን ሲጽፍ ይመሰገናል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እውነት እንነጋገር።

ለእኔ ይህ ነርስ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉው የእኛ ግምገማ ነው። እውነት የሚናገረውን የሚቀጣ ግምገማ ውሸት ይሰበስባል፤ ከዚያ የሰበሰበውን ውሸት በቀለማት ሠንጠረዥ አድርጎ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ነርሱ የምትቀርበውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቢጠቀም ኖሮ ሁለት ሰዓት ወደ ሃያ ደቂቃ ይወርድ ነበር። ማንም ግን ይህን አልጠየቀውም። ካርዱ መሙላቱን ነበር የምንጠይቀው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልሂድ። ስንቶቹ ጭራሽ አልመጡም?

ይቺ ከባዷ ናት። የመጣውን መቁጠር ቀላል ነው። ያልመጣውን እንዴት ትቆጥራለህ? እኛ የምንጠቀምበት መንገድ «የማግኘት ምጣኔ» የምንለው ነው። በወረዳችሁ ይህን ያህል ታማሚ ይኖራል ተብሎ ይገመታል፤ ያገኛችሁትን ለግምቱ ታካፍላላችሁ። ግምቱ ከየት መጣ? ከሕዝብ ብዛት። የሕዝቡ ብዛት ከየት መጣ? በእኛ አቆጣጠር የምጠራት ዓመት አሁን መጣች፤ ከ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ላይ እየተሰላ ነው የሚመጣው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተደረገም። የ1999ኙን ሐዋሳ የምታስታውሱ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ? የዛሬዋ ሐዋሳ ያቺ ናት? አይደለችም።

ስለዚህ ከተማ ውስጥ ያለ ጤና ጣቢያ 130 ከመቶ አገኘሁ ይላል፤ ከገጠር የመጣውንም አብሮ ቆጥሮ ነው። ገጠር ያለው ወረዳ 45 ከመቶ ይላል፤ ታማሚዎቹ ከተማ ሄደው ተመዝግበዋል። አንዱ ይጨበጨብለታል፣ አንዱ ይገሰጻል። ሁለቱም ምንም አላደረጉም። አንድ ክልል ፕሮግራሙን በዚህ ቁጥር ብቻ ከመዘነ ሚዛኑ ራሱ ጠማማ ነው።

ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ምሳሌው እዚሁ ሲዳማ ውስጥ አለ። በ2009 የታተመ ጥናት ነው። በአንዳንድ ቀበሌዎች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አክታ እንዲሰበስቡ ተደረገ፤ በሌሎቹ እንደ ድሮው ሰው ራሱ ወደ ጤና ጣቢያ እስኪመጣ ተጠበቀ። ውጤቱ? በተሰበሰበባቸው ቀበሌዎች የማግኘት ምጣኔው 122 ከመቶ ገደማ ሆነ። በሌሎቹ 69 ከመቶ። የሕክምና ስኬቱም 89 ከመቶ ከ83 ከመቶ።

ቆይ፣ 122 ከመቶ? ከ100 ሰው 122 ታማሚ ይገኛል እንዴ? አይገኝም። የተገመተው ቁጥር ለዚያ አካባቢ አንሶ ነበር ማለት ነው። እናንተ ግን ልብ በሉ፤ የጥናቱ ጉልበት 122ቷ ላይ አይደለም። ሁለቱን ዓይነት ቀበሌዎች ጎን ለጎን ማስቀመጡ ላይ ነው። ግምቱ ቢሳሳት ለሁለቱም እኩል ይሳሳታል። ልዩነቱ ግን ይቀራል። ስለዚህ ከግምት ጋር ከመወዳደር ከጎረቤት ጋር፣ ከትናንት ራስ ጋር መወዳደር ይሻላል።

ከዚያ ነገሩ ሰፋ። በ2010 መጨረሻ ሦስት ሚሊዮን ሕዝብ ባለው በያኔው ሲዳማ ዞን ተጀመረ። ከእናንተ መካከል ያኔ የሠራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሄደው «ሁለት ሳምንት ያሳለው ሰው አለ?» ይላሉ። አክታ ይቀበላሉ። ስላይድ በምትባለዋ ትንሽ መስታወት ላይ ይቀባሉ፣ ያደርቃሉ። ሱፐርቫይዘሩ በሞተር ሳይክል ዞሮ ስላይዱን ይሰበስባል፤ ውጤቱንም መድኃኒቱንም ይዞ ይመለሳል። ታማሚው ወደ ምርመራ አልሄደም፤ ምርመራው ወደ ታማሚው ሄደ።

ውጤቱን በ2013 የታተመው ጽሑፍ ይነግረናል። አክታቸው ላይ ባክቴሪያ የታየባቸው ታማሚዎች ምዝገባ ከ100,000 ሕዝብ ከ64 ወደ 127 አደገ። እጥፍ! ለማነጻጸሪያ የተያዘው ሌላ ዞን ላይ ግን ቁጥሩ ብዙም አልተንቀሳቀሰም። የሕክምና ስኬትም ከ77 ከመቶ ወደ 93 ከመቶ ወጣ።

አሁን አንድ ጠያቂ ይነሳ። «ቁጥሩ እጥፍ ሆነ ማለት በሽታው ጨመረ ማለት አይደለም ወይ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ጋዜጠኞች ሁልጊዜ ይጠይቁኛል። መልሱን ያ ማነጻጸሪያ ዞን ይሰጠናል። በሽታው ጨምሮ ቢሆን እዚያም በጨመረ ነበር። እነዚያ ታማሚዎች ድሮም ነበሩ። ቤታቸው ሆነው እያሳሉ ነበር። ማን ነበሩ? ጤና ጣቢያ ድረስ መሄድ ያቃታቸው። እናቶች፣ አሮጊቶች፣ ሕፃናት።

ያኔ ካገኘናቸው አንዷን አልረሳትም። እትዬ እንበላት። ቤቷ ስንገባ ዋሳ (ቆጮ) እያዘጋጀች ነበር፤ አላስተናግድም ብላ እንቢ አላለችንም፣ እንዲያውም ካልቀመሳችሁ አልናገርም አለች። ሳሉ ከጀመራት ከርሟል። ብርድ ነው ብላለች። ጠበል ሄዳለች። ከገበያ ሽሮፕ ገዝታለች፤ ካንዱ መድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን፣ ከሌላው ሌላ። «ጤና ጣቢያ ለምን አልሄድሽም?» አልናት። «ሄጃለሁ» አለች። «ሁለቴ። ነገ ተመለሺ አሉኝ። ነገ ከብቱን ማን ይጠብቅልኝ?» አለች። አክታዋን የሰጠችው ጓሮ ቆማ ነው፤ እንሰቱ መሀል። ባክቴሪያው ታየባት። ከቤቷ ውስጥ አንድ የልጅ ልጇም ተገኘ።

ልብ በሉ፤ እትዬ ጤና ጣቢያ ሄዳለች። ሁለቴ። እኛ «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ የለውም» ብለን እንጽፋለን። ግንዛቤ ነበራት። ያጣችው የምትመለስበትን ቀን ነው። ስለዚህ ክልላችሁን ስትገመግሙ ይህን ቁጠሩ፦ ከመጀመሪያው ሳል እስከ መጀመሪያው እንክብል ስንት ሳምንት ፈጀ? በመሀል ስንት በር ተንኳኳ? ይህ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ቅጽ ላይ የለም። አሥር ታማሚ ጠርታችሁ ብትጠይቁ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ታገኙታላችሁ።

ሌላም አለ። በሲዳማው ሥራ 49,857 ምልክት ያለባቸው ሰዎች ተመርምረው 2,262ቱ ላይ ባክቴሪያው ታየ። አካፍሉት። 22 ሰው መርምረህ አንድ ታገኛለህ። ይህች 22 ትልቅ ወሬ ነው የያዘችው። ወረዳችሁ ውስጥ የሚመዘገበው ታማሚ ቢቀንስ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንድም በሽታው ቀንሷል፤ አንድም መፈለግ ትተናል። እንዴት ትለያላችሁ? የመረመራችሁትን ሰው ብዛት እዩ። የምትመረምሩት ሳይቀንስ የምታገኙት ካነሰ፣ 22ቷ ወደ 40፣ ወደ 60 ከሄደች፣ እሰየው፤ በሽታው እየሸሸ ነው። የምትመረምሩት ሰው ራሱ በግማሽ ወርዶ ታማሚው ከቀነሰ ግን ሞተሩ ቆሟል ማለት ነው። ነዳጅ አልቋል፣ ጎማ ፈንድቷል፣ ሱፐርቫይዘሩ ለሌላ ዘመቻ ተወስዷል። ሪፖርቱ ላይ ሁለቱም «ቲቢ ቀነሰ» ተብለው ነው የሚቀርቡት! ሁለቱም ይጨበጨብላቸዋል።

ለዚህ ነው «ስንት ታማሚ ተገኘ» የሚለውን «ስንት ሰው ተመረመረ» ከሚለው ነጥላችሁ እንዳታነቡ የምለው። አደራ።

ሦስተኛው። ምርመራው። ቶሎ እላለሁ ብያለሁ፤ ቃሌን ልጠብቅ።

በ2010 እና 2011 አገር አቀፍ የቲቢ ስርጭት ጥናት ተደረገ። 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 46,697 ሰዎች ተሳተፉ። 110 ሰዎች ላይ ባክቴሪያው ተረጋገጠ። ከእነዚህ በማይክሮስኮፕ የታዩት 47 ናቸው። 47 ከ110! የቀሩት የተያዙት ናሙናው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በላብራቶሪ እንዲያድግ ሲደረግ ነው። እንግዲህ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚሠራ ክልል፣ ሠራተኛው ጎበዝ ቢሆን እንኳ፣ ከግማሽ በላዩን ያልፈዋል። በዚያ ላይ በየአገሩ የተደረጉት የስርጭት ጥናቶች ሲጠቃለሉ፣ ባክቴሪያ ከተገኘባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ «አያስለኝም፣ ምንም የለብኝም» የሚሉ ናቸው።

ጂን ኤክስፐርት ለዚህ መጣ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ባክቴሪያውንም፣ ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋና መድኃኒት መላመዱንም፣ ማለትም መድኃኒቱ አልሠራበት ማለቱንም፣ ይነግርሃል። ድንቅ ማሽን ነው። ግን ክልሎች «ይህን ያህል ማሽን አለን» ሲሉ እሰማለሁ። ማሽን መኖሩ ውጤት አይደለም። አንድ ሆስፒታል ሄጄ ማሽኑን አሳዩኝ አልኩ። አሳዩኝ። ዳንቴል ለብሷል። ነጭ፣ በእጅ የተሠራ፣ ጥሩ ዳንቴል። ላዩ ላይ ደግሞ የአርቴፊሻል አበባ ማሰሮ ተቀምጧል። ካርትሪጅ፣ ናሙናው የሚገባበት ዕቃ፣ ካለቀ ቆይቷል አሉኝ። ሪፖርቱ ላይ ግን ያ ማሽን «አለ» ተብሎ ይቆጠራል። (ሳቅ) ሳቁ፣ ግን የእናንተንም ሄዳችሁ እዩት። ስለዚህ ማሽን አትቁጠሩ። በወር ስንት ምርመራ እንደሠራ፣ ስንት ጊዜ «ስህተት» ብሎ እንደወጣ፣ ናሙናው ከጤና ጣቢያ ተነስቶ ውጤቱ እስኪመለስ ስንት ቀን እንደፈጀ ቁጠሩ። የስላይድ ዳግም ምርመራም እንደዚያው፤ ሁለተኛው አንባቢ የመጀመሪያውን ውጤት ሳያይ ማንበብ አለበት። አይቶ ካነበበማ ፊርማ ነው የሚጨምረው። አለቀ። የላብራቶሪ ሰዎች፣ ይቅርታ።

አራተኛ አላልኩም ነበር፤ ግን አንድ ነገር አልፌ መሄድ አልችልም። ገንዘብ። የቲቢ ሕክምና በነፃ ነው እንላለን። መድኃኒቱ አዎ ነፃ ነው። ትራንስፖርቱስ? ራጁስ? ያልተሠራበት የቀን ሥራስ? የዓለም ጤና ድርጅት በያዘው ስትራቴጂ ውስጥ ካሉት ዋና ግቦች አንዱ፣ በቲቢ ምክንያት የዓመት ገቢው 20 ከመቶና ከዚያ በላይ የሚወጣበት ቤተሰብ እንዳይኖር ነው። አንድም! እኛ የክልል ግምገማ ላይ ይህን ጠይቀን እናውቃለን? እኔ በተቀመጥኩባቸው ግምገማዎች ሲጠየቅ አልሰማሁም። ያቋረጠውን ታማሚ ስም እንጽፋለን፤ ለምን እንዳቋረጠ ስትጠይቁት ግን አብዛኛው የሚመልስላችሁ የባጃጅ ሒሳብ ነው።

መድኃኒት የተላመደውን ቲቢ በተመለከተ ጥቂት ብቻ። አገራችን በ2009 ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ላይ ሕክምናውን ጀመረች። በ2021 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይበዛባቸዋል ካላቸው አገሮች ዝርዝር ወጣች። ትልቅ ነገር ነው፤ የደከሙት ሰዎች ይመስገኑ። ቲቢ ራሱ ከሚበዛባቸው አገሮች ዝርዝር ግን ያኔ አልወጣንም። ከኤችአይቪ ጋር ተጣምሮ ከሚበዛባቸውም አልወጣንም። ከአንዱ ዝርዝር ወጣን ብለን ለሦስቱም ኬክ አንቁረስ።

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ሰዓቱ እየገፋ ነው፤ ሻዩም እየቀዘቀዘ ነው ይሉኛል። ለሥራ የሚሆን ነገር ሰጥቻችሁ ልውረድ። በጥሪው ደብዳቤ ላይ የቲቢ መዝገባችሁን ይዛችሁ እንድትመጡ ተጠይቋል። ያላመጣችሁ አላችሁ? እሺ፣ አላችሁ፤ ከጎረቤት ወረዳ ጋር ተቀመጡ።

ከሻይ በኋላ በየወረዳችሁ ክብ ሠርታችሁ ትቀመጣላችሁ። የዓምናውን አንድ ሩብ ዓመት ክፈቱ፤ ሕክምናቸው ማለቅ የነበረበትን። ከመጀመሪያው ስም እስከ መጨረሻው አንድም ሳትዘሉ ሂዱ። የዳነውን፣ የጨረሰውን፣ የሞተውን፣ ያቋረጠውን ለዩ። «ተዛውሯል» የሚል ካገኛችሁ እዚያው ቁሙ። ስልክ ካለው ዛሬውኑ፣ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ሆናችሁ ደውሉ። የተላከበትን ጤና ጣቢያም ደውሉ፤ ደርሷል ወይ በሉ። የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ ደግሞ ከየወረዳችሁ ክብ ውስጥ ገብታችሁ ተቀመጡ፤ ስሙ ሲነበብ ቤቱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የወረዳ ኃላፊዎች፣ መዝገቡን የምታነቡት እናንተ ናችሁ፤ ለነርሱ አትስጡት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንገናኛለን። የማንንም መቶኛ አልጠይቅም። የምጠይቀው ስንት ስም ላይ ቆማችሁ ስንቱን እንደደወላችሁ ነው። ቻርጀር ያስፈለገው ሰው ካለ ከመድረኩ በስተግራ ሶኬት አለ።